በሚዜው ኪስ ውስጥ የተፈታው ቀለበት

ወንድሜ ለሠርጉ ሚዜ ሲያደርገኝ የሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ቀለበቱን መያዝ። ሌላውን ሁሉ፣ መኪናውን፣ ባንዱን፣ ፎቶ አንሺውን፣ ለጓደኞቹ አከፋፈለ። እኔን ያውቀኛል። «አንተ ኪስህ ውስጥ አድርገው። አታውጣው፣ አትነካካው፣ ለማንም አታሳየው። በቃ፣ ኪስ ሁን» አለኝ።

ኪስ ሆንኩ።

ቀለበቱ አሮጌ ነው። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች ካንዱ ነው ያገኘው። ድሮ አንድ አርመን ወርቅ ሠሪ ለአንዲት ሙሽራ ሠርቶት ነበር ይባላል። ላዩን ሲያዩት ወፈር ያለ አንድ ቀለበት ነው፤ አናቱ ላይ ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል። ግን አንድ አይደለም። ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ናቸው፣ እንደ ሰንሰለት አንዱ በሌላው ውስጥ ያለፈ። ሲገጥሙ እጆቹ ይጨባበጣሉ፤ ሲፈቱ እጆቹ ይላቀቃሉ። እርስ በርስ በሚገጥሙበት በኩል ደግሞ፣ ተዘግተው ሳለ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጽሑፍ አለ። ወንድሜ ለእጮኛው «የሠርጋችን ዕለት ከፍቼ አስነብብሻለሁ» ብሏት ነበር።

ሠርጉ የታሰበው ከፋሲካ በኋላ ነው። ወንድሜ ለፋሲካ አልደረሰም። ትኩሳት ነው አልን። ትኩሳት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልችልም፤ እጀምርና እተወዋለሁ። ስለ ቀለበቱ ግን እችላለሁ። ምክንያቱም አብዛኛው ያስቃል። እሱም ቢኖር ከሁላችንም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

ከቀብር ተመልሰን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ንፍሮው እየዞረ ሳለ እጮኛው አስጠራችኝ። አፍንጮ በር ያለው ቤታችን ውስጥ፣ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ሴቶቹን ያስጨነቃቸውም ይኸው ነው። «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል። እሷ ደግሞ «እሺ» ትላለች፣ ውኃ ጠጪ እንደተባለች ሰው። ግን አታለቅስም።

«ሚዜው» አለችኝ። ሚዜ ከሆንኩ ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲህ ነው። «ቀለበቱ አንተ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እንደተዘጋ ነው?»

«እንደተዘጋ ነው።»

«ሠልስቱ ሲወጣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ያኔ እንደተዘጋ ስጠኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሌላ ምንም የሚሰጣትም አልነበረም። ሚስት አልሆነችም። ልጅ የላቸውም። ሠልስቱ ሲወጣ ድንኳኑ ይነሳል፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ እኛ ለእሷ ምን ነን? እሷስ ለእኛ? ስም የለውም። ወንድሜ የሰጠኝ ሥራም አንድ ነበር፣ አልተነሳልኝም። ይህንንማ አላበላሽም አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አበላሸሁት።

ድንኳኑ ውስጥ መደዳውን ተቀምጬ ነበር። ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ «እግዜር ያጽናህ» ይላል። እኔ «አሜን» እላለሁ። ቀኝ እጄን እሰጣለሁ። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ግራ እጄ ምን እየሠራ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ቀለበቱን ይዟል፣ ያገላብጠዋል። አንድ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ቀኝ እጄን ጨብጦ ስለ ወንድሜ ደግነት ረዘም ያለ ነገር ሲነግረኝ፣ ኪሴ ውስጥ የሆነ ነገር ልቅቅ አለ። እንዴት ልበል... የሚነቃነቅ ጥርስ ሲወልቅ እንደሚሰማው። ጠንካራ የነበረው ነገር ድንገት እንደ መቁጠሪያ ጣቶቼ ላይ ተንጠለጠለ።

«ውይ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰውየው ንግግሩ የነካኝ መሰለው። አቀፈኝ፣ አብሮኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ግማሹ ለወንድሜ፣ ግማሹ ለኪሴ።

ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱ ነበሩ። ለቅሶ ቤት እንደዚያ ነው፤ ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን ብሎ የሚቀመጥ ሰው እጁ ሥራ ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። የዕድራችን ዳኛ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያላቸው የወሎው ሐጂ፣ የወንድሜ ጓደኛ የታክሲው ረዳት። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩና ጠረጴዛው ሥር መግጠም ጀመርኩ። አልገጥም አለኝ።

ረዳቱ ዓይኑ ፈጣን ነው። ሒሳብ ያልከፈለ ሰው ከኋላ ወንበር የሚለይ ዓይን ነው። «ጀለሴ፣ ካርታ ደበቅክ እንዴ? አንተ እኮ አትጫወትም!» አለና እጄን ጎትቶ አወጣው።

ሦስቱ ቀለበቶች ካርታው ላይ ተዘረገፉ።

ነገርኳቸው። ነገ እንደተዘጋ ልሰጣት ቃል መግባቴን፣ ኪሴን፣ ግራ እጄን፣ ሁሉንም። ሐጂ ካርታቸውን ገልብጠው አስቀመጡ። እያሸነፉ ነበር መሰለኝ፣ በጥንቃቄ ነው ያስቀመጡት። «ይኼማ ቀላል ነው። አምጣው» አሉ።

ቀላል አልነበረም። ሁለቱ ይገጥሙና ሦስተኛው እንደተኳረፈ ጎረቤት ጀርባውን ይሰጣል። ሦስተኛውን ሲለማመጡት የመጀመሪያው ይሸሻል። ሐጂ አላባቸው። ረዳቱ ተቀበላቸው፤ በእሱ እጅ ሁለቱ እጆች ተጨባበጡ፣ ግን አንደኛው ተገልብጦ ነበር።

«ዋናው መጨባበጣቸው ነው አቦ!» አለ።

«ጣቱ በየት በኩል እንዳለ አታይም?» አሉት ሐጂ። «እንዲህ የሚጨብጥ ሰው እጁ የተሰበረ ነው።»

ከመደዳው ሰዎች እየተነሱ መምጣት ጀመሩ። ሁሉም «እስቲ አንዴ ለእኔ» ይላል። ሁሉም ሌላው ሲሞክር «እንዲህ አይደለም!» ይላል። በዚህ ጊዜ ዳኛው ብድግ አሉ። የዕድር ዳኛ ሥርዓት የሌለው ነገር አይወዱም።

«ክቡራን ለቀስተኞች! ጉዳዩ በሥርዓት ይታይ። መሞከር የሚፈልግ እጁን ያወጣል። ሲፈቀድለት ይሞክራል። ያልተፈቀደለት አስተያየት አይሰጥም።»

ከዚያ እጃቸውን አወጡ። ለራሳቸው ፈቀዱ። መነጽራቸውን አድርገው ቀለበቱን ወደ ብርሃን ሲያነሱ «ቆይ፣ ጽሑፍ አለው» አሉ። በአንደኛው የዳር ቀለበት መግጠሚያ ገጽ ላይ ያለውን ጮክ ብለው አነበቡ፦ «እግዚአብሔር ያጣመረውን»። ሌላኛውን ዳር አገላበጡ፦ «ሰው አይለየው»።

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይኼ ጽሑፍ የሚነበበው ሲፈታ ብቻ ነው አይደል?»

«እንደዚያ ነው።»

«ስለዚህ ሰው አይለየው የሚለውን ለማንበብ መጀመሪያ መለየት ግድ ነው።»

ዳኛው ቀለበቱን አዩት። «እ... አዎ። ይመስላል።»

«እንግዲህ አነበብነው። ጥፋተኛ ሆንን ማለት ነው።»

«እርስዎን አይመለከትም፣ ሐጂ። የእኛ መጽሐፍ ነው።»

«እጄ አለበት እኮ!» አሉ ሐጂ።

«የመሃሉስ ምን ይላል?» አለ ረዳቱ።

የመሃለኛው ቀለበት ፊደል አዲስ ነው፤ ገና ያብለጨልጫል። የድሮዋ ሙሽራ ያስጻፈችው አይደለም። ወንድሜ ነው። ብልጭታውን አየሁና ከዳኛው እጅ ነጥቄ ወዲያው መዳፌን ጨበጥኩበት። ማንበብ ፈልጌ ነበር፤ በጣም ፈልጌ ነበር። ከእሱ ያልሰማሁት የቀረ ነገር ያ ብቻ ነው። ግን ለእኔ አልተጻፈም።

«ይኼ የእሷ ነው» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

«ትክክል!» አሉ ዳኛው። «የመሃሉን ማንም እንዳያነብ!»

ከዚያ ወዲያ ተራቸው በደረሰ ቁጥር እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሞከሩት፣ ለሌላው ምሳሌ እንዲሆኑ። ሐጂ «ዓይን ተጨፍኖ ቀለበት አይገጠምም» ሲሏቸው፣ «ታዲያ ለዚህ እኮ ነው ያልገጠመልኝ» አሉ። መውጫ አገኙ።

በሠልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከረዳቱ ጋር ወደ ፒያሳ ወረድን። ወንድሜ የገዛበትን ሱቅ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ቦታውን አገኘሁት፤ ሱቁን አላገኘሁትም። መደዳው ሁሉ ተነስቶ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ሆኗል። አበባው ያምራል። ስለ ቀለበት ግን አያውቅም።

ትንሽ አለፍ ብሎ ያልተነሳ ወርቅ ቤት ነበርና ገባን። ባለ ሱቁ ቀለበቱን አየ። እኔን አየ። የረዳቱን ጃኬት አየ።

«ከየት አመጣችሁት?»

«የወንድሜ ነው።»

«ወንድምህ ራሱ ለምን አይመጣም?»

«ሞቷል።»

«እናንተ ደግሞ ወንድማችሁ ሁሌ እንደሞተ ነው» አለ።

ረዳቱ ባንኮኒውን በመዳፉ መታው። «ስማ ወንድም! ትናንት ወዲያ ነው የቀበርነው! ጥቁር የለበሰው ለሙድ መሰለህ?»

ባለ ሱቁ ፊቱ ተለወጠ። ከባንኮኒው ጀርባ ዞሮ መጣና «አፈር ልብላ፣ እግዜር ያጽናህ» እያለ ትከሻዬን ያዘኝ። ወንበር አመጣልኝ፣ ውኃ አመጣልኝ። የእሱም ወንድም ሞቶ ኖሯል። እኔን ሊያጽናና ጀምሮ እሱ ማልቀስ ሲጀምር፣ ረዳቱ እሱን ማባበል ያዘ። «አይዞህ ወንድም፣ ሁላችንም ሟች ነን» ይለዋል፣ አሁን ሊመታው የነበረውን ሰው።

ሲረጋጋ ቀለበቱን እንደገና አየው። «መግጠሙን አልችልበትም» አለ። «ግን በብየዳ አንድ ላደርግልህ እችላለሁ። ከእንግዲህ አይፈታም። ማንም አያውቅብህም።»

አሰብኩበት። ከማሰብም አልፌ ቀለበቱን ዘርግቼለት ነበር። እንደተዘጋ ስጠኝ ነው ያለችው፤ ይዘጋል። ግን ወንድሜ የጻፈላት እዚያው ውስጥ ይቀራል። ለሁልጊዜ። አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፤ ሌላ ነገር መጨመር አልቻልኩም። መልሼ ወሰድኩት።

«እንግዲያው ሽማግሌው ጋ ሂዱ» አለን። «የዚህ ዓይነት ነገር የእሳቸው ነው። ሱቃቸው ሲነሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ነው የወረዱት። ከጫማ ሱቆቹ በላይ፣ ፎቅ ላይ።»

ሽማግሌው ቀለበቱን ገና ከእጄ ሳይቀበሉ አወቁት።

«ሙሽራው የት አለ?» አሉ።

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ንጹሕ ነበር።

«ይግጠሙልኝ ጋሼ» አልኳቸው። «ዛሬ ነው የምትሄደው።»

«እኔ?» አሉ። «እኔ መች እችልና! ስገዛውም የተፈታ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ እንደተፈታ ስንት ዘመን ኖረ። ወንድምህ መጣና እኔ ልግጠመው አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይቀመጣል። ደንበኛ ሲገባ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ‹ግቡ ግቡ፣ ሽማግሌው ጥሩ ሰው ናቸው› ይላል። ሱቄን ወረሰኝ በለው። አንድ ቅዳሜ ጮኸ። የተዘረፍኩ መስሏቸው ጎረቤቶቼ ዱላ ይዘው መጡ። ለካ ገጥሞለት ነው። ግንባሬን ሳመኝ።»

«እንዴት እንደገጠመው አላሳየዎትም?»

«የት አባቱ! ‹ካሳየሁዎት አይሸጡልኝም› አለ።»

ረዳቱ ሳቀ፤ ከዚያ እኔን አይቶ ተወው። ከወንድሜ ጋር ምን ምን እንደሄደ ሰው ወዲያው አያውቅም። ቀለበት መግጠምም አብሮ ሄዷል።

«የመሃሉን ጽሑፍ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ገጥሞ ከወሰደው በኋላ ፈትቶ ይዞት መጣ፤ እዚህ ላይ ጻፉልኝ አለ። እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት። ልንገራችሁ?»

ረዳቱ «ይንገሩን!» እኔ «አይንገሩን!» አንድ ላይ አልን።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ጎሽ» አሉኝ።

ስንመለስ ድንኳኑ አልተነሳም። መነሳት ነበረበት፤ ግን የሚያነሳው ሰው ሥራ ላይ ነው። ሐጂ ከሱቃቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል አስመጥተው፣ ሦስት ሦስት ክብ እየሠሩ ለለቀስተኛው ሁሉ አድለዋል። መላው መደዳ አንገቱን ደፍቶ ከሽቦ ጋር ይታገላል። «መለማመጃ ነው» አሉኝ ሐጂ። ዘግይታ ለቅሶ ልትደርስ የመጣች አንዲት ሴትዮ መግቢያው ላይ ቆማ «የለቅሶው ቤት ይኼ አይደለም እንዴ?» ስትል ሰማኋት።

«ይኸው ነው እትዬ፣ ይግቡ» አላት አንዱ። «ቀይ ነው የሚሻልዎት ሰማያዊ?»

በዚህ መሃል እጮኛው ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ድንኳኑን አየች። በየሰው እጅ ያለውን አየች።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ሽቦ?»

ዳኛው የያዙትን ቀስ ብለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ተነሳሁ።

«ተፈታብኝ» አልኳት፣ መዳፌን ዘርግቼ። «ኪሴ ውስጥ... ሳላውቀው። ማንም ሊገጥመው አልቻለም። የመሃሉን ግን ማንም አላነበበም።»

«አንድም ሰው!» አሉ ዳኛው። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር ሊያስረዱ ሲጀምሩ ሐጂ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው።

ቀለበቱን ከመዳፌ አነሳችው። ልታየው እንኳ ጎንበስ አላለችም። አንዱን ዳር በአውራ ጣቷ ያዘች፣ የመሃሉን ገለበጠች፣ አንዴ ነቅነቅ አደረገችው። ቀጭ አለ። እጆቹ ተጨባበጡ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሽቦ ሁሉ ቆመ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሐጂ።

«ትችይበታለሽ?» አልኳት። «ከፍተሽው ታውቂያለሽ?»

«ስንቴ!» አለች። «መጀመሪያ ባሳየኝ ሳምንት ነው የከፈትኩት። ቁምሳጥን ውስጥ ደበቀው፤ መደበቅ እኮ አይችልበትም። ከፈትኩትና መዝጋት አቃተኝ። ሥራ ቦታ ደውዬ አሞኛል ብዬ ቀኑን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። እሱ ከመምጣቱ በፊት ዘግቼ መለስኩት። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩ። የሠርጉ ቀን አዲስ እንደሆነበት ሰው መደንገጥ በመስታወት እለማመድ ነበር። በኋላ ሌላ ቀን ብከፍተው፣ የመሃሉ ላይ ተጽፎበታል።»

«ምን ተብሎ?» አሉ ዳኛው። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም።

«‹ከፈትሽው አይደል?› ይላል።»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም፤ ለቅሶ ቤት ነው። አንድ ሰው ሳል የሚመስል ነገር አወጣ። ከዚያ ረዳቱ «ነቄ ነበር! ነቄ ነበር ባክህ!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ድንኳኑ በሙሉ ፈነዳ። ሐጂ ዓይናቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እሷም ሳቀች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች፤ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እየሳቀች ሳለ ዕንባዋ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ነው የመጣው።

እናቴ ከቤት ወጣች። «ልጄን አፈር አልብሼ ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

ዳኛው ነገሯት፣ በሥርዓት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ «ወይ ይኼ ልጅ!» ብላ ሳቀች። «ወይ ይኼ ልጅ!» ሁለተኛው ላይ ሳቋ ተሰበረ። ሄዳ ከሻንጣው ጎን መሬት ላይ ተቀመጠችና የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ ሳበችው። ሴቶቹ መጥተው ከበቧቸው። ወንዶቹ ሽቦዎቻቸውን መልሰው መመርመር ጀመሩ።

ሲበርድላት አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ከቻልሽበት ታዲያ ለምን እንደተዘጋ ስጠኝ አልሽኝ?»

«ለአንተ ሲሰጥህ የዘጋው እሱ ነበር» አለች። «እሱ የዘጋውን ነበር የፈለግኩት።»

ያንን ደግሞ ሙሉ ጥቅል ሽቦም አይመልሰውም። «ይቅርታ» አልኩ። እሱም እንኳ በደንብ አልወጣልኝም።

ፊቴን አየችው። ከዚያ ቀለበቱን በሁለት ጣቷ አንዴ ጠመዘዘችው። እጆቹ ተላቀቁ። ሦስቱን እንደተንጠለጠሉ መዳፌ ላይ ጣለቻቸው።

«አሁን አንተ ዝጋው» አለችኝ። «ዘግተህ ቤት አምጣልኝ። ሌላ ሰው የዘጋውን አልቀበልም።»

«ካቃተኝስ?»

«እንደተፈታ ይዘኸው ና። የት እንደደረስክ አይልሃለሁ።»

ሻንጣዋን ረዳቱ ተሸከመላት። ድንኳኑም ከዚያ በኋላ ተነሳ።

አሁን እሁድ እሁድ አምስት ኪሎ እሄዳለሁ፣ ቤተሰቦቿ ጋ። እናቴ በእጄ የሆነ ነገር ትልካለች፤ ስመለስ የእሷ እናት ደግሞ ዕቃውን ባዶውን አይመልሱትም። ምሳ እንበላለን። ከምሳ በኋላ ቀለበቱን አወጣለሁ፤ እሷ እያየችኝ እሞክራለሁ። «ትንሽ ቀረህ» ትለኛለች። ሁልጊዜ የሚቀረኝ ትንሽ ነው። አባቷ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው «ይኼ ልጅ እስኪያረጅ ነው እንዴ?» ይላሉ። ስለ ወንድሜ እናወራለን። አንዳንድ ጊዜ አናወራም።

ባለፈው ቅዳሜ ገጠመልኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እጄን እንኳ እያየሁት አልነበረም። በማግስቱ እንደተዘጋ ይዤው ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ በቀኝ እጄ ጨብጬ። በሯ ላይ ደርሼ ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከውስጥ የሳህን ድምፅና ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፣ «ሚዜው ሳይመጣ አታቅርቡ» ስትል።

ፈታሁትና አንኳኳሁ።